የታኅሣሥ ደብተር

በምግብ ጠረጴዛችን ላይ፣ ከጨው ዕቃውና ከባለቤቴ የስኳር መለኪያ ጎን፣ አንድ ባለ 32 ገጽ የተማሪ ደብተር ተቀምጧል። የልጅ ልጃችን ጀምራ የተወችው ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች በተንጋደዱ ፊደላት የተሞሉ ናቸው፤ ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ያለው ጽሕፈት ግን የእኔ ነው። «ታኅሣሥ 22፣ ማታ 2 ሰዓት፤ እሷ ፓራሲታሞል 2፣ እኔ 2። ሳል ሁለታችንም። ትኩሳት እኔ ብቻ» ይላል የመጀመሪያው መስመር። ደብተሩን የጀመርኩት ለታሪክ ብዬ አልነበረም። ሁለታችንም ራሳችን ከብዶን፣ ማን ኪኒን እንደ ወሰደና ማን እንዳልወሰደ ማስታወስ አቅቶን፣ ከሕመሙ ይልቅ ክርክሩ ስላደከመን ነው።

እኔ 74 ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ በአምስት ዓመት ታንሰኛለች። በትዳር 45 ዓመት ኖረናል፤ ሦስት ልጆች ወልደን ሦስቱም ከቤት ወጥተዋል፤ ቅርብ ያለችው ድሬዳዋ የምትኖረው ሴት ልጃችን ናት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በቤታችን ሕመም የራሱ ሥርዓት ነበረው። እኔ ስታመም እተኛለሁ፣ እሷ ታስታምመኛለች። እሷ ስትታመም ግን ቆማ ነበር የምትታመመው፤ ራሷን በሻሽ አጥብቃ አስራ፣ ወጥ እያማሰለች፣ «ምን ሆነሻል?» ስትባል «ደህና ነኝ» እያለች። ሁለታችን በአንድ ቀን የወደቅንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ባለፈው ታኅሣሥ ግን ያ ሆነ።

የምንኖርባትን ሐረርን በስሟ ብቻ የሚያውቅ ሰው በምሥራቅ ስላለች ሞቃት ትመስለዋለች። ለ34 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ይህን ስሕተት ሳላርም ማለፍ አልችልም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ በሐረማያ በኩል 55 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ መንገደኛ ሹራቡን የሚፈልገው በከንቱ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ያድራል፤ የሚከልላት ደመና ስለሌላት ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊቱን ትበትነዋለች፤ እንደ እኛ ቤት ያለው የቆርቆሮ ክዳንም አብሯት ይበትናል። በጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉት የድንጋይ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ እኛ ግን ከግንቡ ውጭ በብሎኬት ቤት ነው የምንኖረው። ቀን ፀሐይዋ ጀርባ ስለምታቃጥል ሰው ይዘናጋል፣ ጋቢውንም ወንበር ላይ ጥሎ ይወጣል። በዚህ ላይ ሽማግሌ ሰው ብርድ መግባቱ ቶሎ አይታወቀውም፤ በታወቀው ጊዜ ደግሞ ቶሎ አይሞቅም።

ያም ሆኖ ሕመሙ ወደ ቤታችን የገባው በቆርቆሮው ሳይሆን በበር ነው። «ብርድ መታኝ» ማለት ልማዳችን ቢሆንም ብርድ ብቻውን ጉንፋን አይወልድም፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ቫይረሱን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆየዋል፣ አፍንጫንና ጉሮሮን ያደርቃል፣ ሰውንም መስኮት ዘግቶ ተጠጋግቶ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ተጠጋግቶ መቀመጥ ቀን ተቆርጦለታል፤ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። ራስ መኮንን ከአድዋ ድል በኋላ ወዳሠሩት ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን ከአገሪቱ ማዕዘን ሁሉ ሕዝብ ሲጎርፍ፣ በሐረርና በድሬዳዋ ዘመድ ያለው ሁሉ ዘመዱ ቤት ያርፋል። ባለፈው ዓመት እኛ ቤት ሰባት ሰው አደረ። ፍራሽ ሳሎን ላይ ተደርድሮ፣ መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ጨዋታ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ወጣት ሌሊቱን ሙሉ ሲስል አደረና ጠዋት «የመንገድ አቧራ ነው» አለን፤ ሲሄድ ሁለታችንንም አቅፎ፣ አገላብጦ ስሞ ተሰናበተን። ለስለት የመጣን እንግዳ «እባክህ ራቅ በል» የሚል አፍ የለንም፤ ዛሬም ቢሆን እንደማይኖረን እገምታለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በቤት መድኃኒት አሳለፍናቸው። ባለቤቴ ከጓሮ የዳማከሴ ቅጠል ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ፣ ጭማቂውን በቡና አድርጋ አጠጣችኝ። ፌጦ ወቅጣ በሎሚ በጠበጠች። ነጭ ሽንኩርት በማር አዘጋጀችና ለእኔ በትልቁ ማንኪያ፣ ለራሷ «በትንሹ» ወሰደች፤ በነጋታው በባዶ ሆዷ የስኳሯ መጠን 240 ሆኖ ተገኘ። ማር ሳልን እንደሚያስታግስ ሐኪሞችም የሚቀበሉት ነው፤ ነገር ግን ጉንፋኑ ራሱ ስኳርን ከፍ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ለስኳር ሕመምተኛ ማሩ በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠኑንም ሞከርነው። የተዘጋ አፍንጫ ይከፍታል፤ አልዋሽም፣ ደስም ይላል። ይሁን እንጂ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የፈላ ድስት በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ ብርድ ልብስ ሲከናነብ ምን ሊፈጠር እንደሚችል የተረዳሁት ድስቱ አንድ ጊዜ ጋደል ብሎ ምንጣፉን ካራሰው በኋላ ነው። የቤት መድኃኒትን አልንቅም፤ ሰውነት ራሱ ቫይረሱን እስኪያሸንፈው ድረስ ሰውየውን ያጽናናል፣ ፈሳሽም እንዲጠጣ ያደርገዋል። ስሕተቱ ከዚያ በላይ ከእርሱ መጠበቁ ላይ ነው።

በጭሱ ላይ ግን ከባለቤቴ ጋር አልተስማማንም። እሷ ያደገችው እናቷ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጋ በደጅ ስታቃጥል እያየች ነው። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይህ ልማድ፣ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አገሪቱን ከመታው ወረርሽኝ ጋር ይያያዛል፤ ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ በጽኑ የታመሙበት፣ የዓለም ሁሉ መቅሠፍት የነበረው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ዛሬ «ጉንፋን» ብለን የምናቃልለው በሽታ የቅርብ ዘመዱ መሆኑን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አያምኑኝም ነበር። እናም ባለቤቴ፣ ሕመም የገባበት ቤት መታጠን አለበት በማለት፣ ወይራና እጣን በገል ላይ አጫጭሳ መኝታ ቤቱን ጭጋግ አለበሰችው፤ ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳልን። የቆሰለ ሳንባ ጭስ አይወድም።

ከጭሱ ይልቅ ያስፈራኝ ግን ጭስ የሌለው ከሰል ነበር። ማታ ማታ ብርዱ ሲጠና የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት በከተማችን የተለመደ ነው። ፍሙ ከቀላ በኋላ «አሁን ጭሱ ወጥቷል» ይባላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ ፍም ከሆነውም ከሰል ይወጣል፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ስለሆኑ ጉንፋን ያለበት ሰው ሕመሙ የባሰበት ይመስለዋል እንጂ ከሰሉን አይጠረጥርም። ስለዚህ ምድጃውን ደጅ አስቀርቼ የሞቀ ውኃ በሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞላሁ፤ በፎጣ ጠቅልዬ ከእግራችን ሥር አደረግኋቸው። ባለቤቴ ሳቀችብኝ፣ ግን እግሯን አላሸሸችም።

ሌላው ጉዳይ ጾሙ ነበር። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ ባለቤቴ ስኳር ከያዛት ወዲህ እንኳ አንድም ቀን አልፈታችም። በሦስተኛው ቀን ከግድግዳ ወዲያ የሚኖሩት ሐረሪዋ ጎረቤታችን በፔርሙዝ ሆጃ ይዘው መጡ። ሆጃ የቡና ገለባ በወተት የሚፈላበት የሐረር መጠጥ ነው፤ በታኅሣሥ ጠዋት ከእርሱ የሚሻል ነገር አላውቅም። ባለቤቴ ግን ወተት መሆኑን ስታውቅ አመስግና አስቀመጠችው። ሴትዮዋ ነገሩ ገባቸው፤ ምንም ሳይሉ ወጥተው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁጢ አፍልተው፣ የቡና ቅጠሉን ያለ ወተት በጨው አድርገው ተመለሱ። ሰውን በራሱ ሃይማኖት ውስጥ ማስታመም ምን እንደሆነ ከእርሳቸው ተማርኩ። ሆጃውን የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ጾሙን በመጀመሪያው ቀን ነበር የፈታሁት፤ ጠንካራ አማኝ አይደለሁም። በአራተኛው ቀን የንስሐ አባታችን በስልክ የታመመ ሰው እንደማይገደድ፣ መድኃኒቷንም ምግቧንም በሰዓቱ መውሰድ እንዳለባት በጥብቅ ቢነግሯትም፣ «እሺ አባ» ብላ ስልኩን ከዘጋች በኋላ አጥሚቷን በውኃ ብቻ አስቀጠነች።

ጠያቂ ደግሞ በዛ። የታመመ አለመጠየቅ ነውር በሆነበት አገር፣ ጠያቂው ራሱ ሕመም ይዞ ሊመጣ ወይም ይዞ ሊሄድ እንደሚችል ማን ደፍሮ ይናገራል? የዕድራችን ሰዎች፣ የቀድሞ ባልደረቦቼ፣ የሰፈር ልጆች፣ ሁሉም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሄዱ። በመጨረሻ ያደረግኩት ነገር ቀላል ነበር፤ አግዳሚውን ወንበር ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አወጣሁትና ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት እዚያ ተቀምጠን ጠያቂ ተቀበልን። ማንም አልተቀየመም። ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌን ማን ይጠረጥራል?

ደብተሩ ዋጋውን የከፈለው በሁለተኛው ቀን ማታ ነው። ሳሉ ስላላስተኛን ወደ መድኃኒት መደብር ሄጄ ነበር። በሐረርም በድሬዳዋም «እርስዎ» ማለት ሰውን እንደ ማራቅ ስለሚቆጠር፣ የልጅ ልጄ የሚሆን ልጅ «አቦ አባባ፣ ይሄን ውሰድ፣ ድብን አድርጎ ያስተኛሃል» ብሎ አንድ ቅጠል የጉንፋን ኪኒን ሰጠኝ። አነጋገሩ ደስ ስላለኝ ጽሑፉን ሳላነብ ወደ ቤት ይዤ ገባሁ። ማታ የወሰድነውን ስመዘግብ ግን መነጽሬን አድርጌ የኪኒኑን ጀርባ አነበብኩ። በውስጡ እንደ ገና ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም አለበት። ለአዋቂ ሰው የተፈቀደው ከፍተኛው መጠን በ24 ሰዓት 4 ግራም፣ ማለትም ስምንት ኪኒን ነው፤ ለደከመና ለከሳ ሽማግሌ ከዚያም ያነሰ ይመከራል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ጉበትን ይጎዳል። ደብተሩ እንደሚለው ባለቤቴ በዚያ ቀን ስምንቱን ጨርሳ ሦስት የጉንፋን ኪኒን ጨምራለች፤ አሥራ አንድ። በዚያው ኪኒን ውስጥ አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ስለነበረ፣ እርሱ ደግሞ የደም ሥር የሚያጠብ በመሆኑ፣ በመድኃኒት 130 ላይ ይቆይ የነበረው የእኔ ደም ግፊት ወደ 170 ወጥቷል። ቅጠሉን ወደ ቆሻሻ ጣልኩት። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ወዳጄ ከራሱ ሕመም የተረፈ ግማሽ ቅጠል አሞክሳሲሊን በወረቀት ጠቅልሎ ሲያመጣልኝም አመስግኜ መለስኩለት፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፤ የተቆራረጠ አወሳሰድ ደግሞ ለባክቴሪያው ትምህርት ቤት መክፈት ነው።

እስካሁን የጻፍኩትን ለሚያነብ ሰው ጠንቃቃ ባል እመስል ይሆናል። ደብተሬ ግን የማይመዘግበው ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ስላት «ደህና» ትለኛለች፤ «ደህና» ብዬ እጽፋለሁ። እሷም ስትጠይቀኝ «ደህና» እላታለሁ፤ ደረቴን በስተቀኝ እየወጋኝም ቢሆን። ከአራት አሥርት ዓመት በላይ አብረው የኖሩ ሰዎች አንዱ ሌላውን ላለማስጨነቅ የሚዋሹት ውሸት እንደዚህ ያለ ነው። ወጣት ባልና ሚስት ሳሉ ጉዳት የለውም፤ ሌላው ጤነኛ ነውና አይቶ ይደርሳል። ሁለቱም በታመሙ ጊዜ ግን የሚያይ ዓይን ከቤቱ ይጠፋል። በአምስተኛው ቀን የእኔ ትኩሳት ለቀቀኝ፤ የእሷ ትኩሳት ከመጀመሪያውም ስላልነበረ ሕመሟ የቀለለ መስሎኝ ነበር። በሽማግሌ ላይ ትኩሳት ላይታይ እንደሚችል፣ የሳንባ ምች ያለ ትኩሳት ገብቶ በሌላ ምልክት ሊገለጥ እንደሚችል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ታኅሣሥ 27፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ስነቃ አልጋው ባዶ ነበር። ሳሎን ውስጥ መብራት ሳታበራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «ባቡሩ ሊነሣ ነው፤ አንተ ሁልጊዜ ለምን ትዘገያለህ?» አለችኝ። መጀመሪያ የሳቅሁ ይመስለኛል። ባለቤቴ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገችው የባቡሩን ፊሽካ እየሰማች ነው። ሐረር ግን ባቡር ገብቶባት አያውቅም፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ተራራውን መውጣት ከብዶት ከሥር ስለቀረ አይደል ድሬዳዋ የተቆረቆረችው? ይህንን ለሺህ ተማሪዎች አስተምሬዋለሁ። እጇን ስይዛት ቀዝቃዛ ነበር፤ ከንፈሯም ጠቁሯል። የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ የደረቷን መነሣት ቆጠርኩ፤ በአንድ ደቂቃ 34 ጊዜ ተነፈሰች። ጤነኛ ሰው ከ12 እስከ 20 ነው የሚተነፍሰው፤ ከ30 በላይ ሲሆን፣ በተለይ አእምሮ ሲቀባዠር፣ እስኪነጋ የሚጠበቅ ነገር የለም።

የጎረቤታችን ልጅ የባጃጅ ሹፌር በመሆኑ እግዚአብሔር ይስጠው። በብርድ ልብስ ጠቅልለን ስናወጣት ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ሁለት ጅቦች ቆመው ነበር፤ በሐረር ጅብ የሌሊት ጎረቤት ነውና ማንም አልደነገጠም፣ መንገድም ለቀቁልን። መጀመሪያ የደረስንበት ቦታ ኦክስጅን የለም ተባልን፤ በሁለተኛው ካርድ እስኪወጣ ቁጭ በሉ የሚል ዘበኛ ነበር፤ ወጣቷ ሐኪም ግን የባለቤቴን ፊት አይታ ካርዱን አልጠበቀችም። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 84 አሳየ። በባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ጤነኛ ሰው 95 እና ከዚያ በላይ ነው፤ በእኛ ከፍታ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ 84 ግን በየትኛውም ከፍታ ለእሷ ዓይነት ሴት አደጋ ነው። የስኳሯ መጠን ከ400 በላይ ሆኖ ነበር። ሐኪሟ «እማማ፣ መተንፈስ ያቃተሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስትላት፣ የኦክስጅኑ ቱቦ ትንሽ ካረፈላት በኋላ፣ «ሦስት ሌሊት ነው፤ ስተኛ ያፍነኛል፤ እሱ እንዳይነቃ ወንበር ላይ ነበር የማድረው» አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። በሦስቱም ሌሊት ደብተሩ «ደህና አደረች» ይላል።

ገናን ያሳለፍነው እዚያ ነው። በአምስተኛው ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ሐኪሟ ያዘዘችው ዝርዝር ረጅም አልነበረም፤ የቀረውን አንቲባዮቲክ እስከ መጨረሻው መውሰድ፣ ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መራመድ፣ ስኳር በቀን ሁለት ጊዜ መለካት። ሳልና ድካም ለሳምንታት ሊቆይ እንደሚችልም ነገረችን። አንድ ነገር አስገረመኝ፤ በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናት የሳንባ ምችን ከሚያመጡት ዋነኛ ባክቴሪያዎች አንዱን የሚከላከል ክትባት ይወስዳሉ፤ ስለዚህ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ፊደል የጻፈችው የልጅ ልጃችን ከአያቷ ይልቅ የተጠበቀች ናት።

ከዚያ በኋላ ማብሰል የእኔ ሆነ። የመጀመሪያው አጥሚቴ ጓጉሎ በማንኪያ ሳይሆን በሹካ የሚበላ ነበር፤ ባለቤቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው» ብላ እስክትነግረኝ ሦስት ድስት አበላሽቻለሁ። ለ45 ዓመት የጠጣሁት አጥሚት እንዴት እንደሚሠራ አለማወቄን ማመን ከበሽታው ይልቅ አሳፈረኝ። የውኃው ነገርም አለ። ሐረማያ ሐይቅ ከመድረቁ በፊት የሐረር ውኃ ከእርሱ ነበር የሚመጣው፤ አሁን ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ በኩል እየተገፋ ስለሚመጣ ተራ አለው። የታመመ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ እጁን ታጥቦ፣ ብዙ ጠጥቶ፣ ልብሱን ቀይሮ ይኑር የሚለው ምክር ሃያ ሊትር ጄሪካን ደረጃ ላይ ተሸክሞ ከማውጣት ነው የሚጀምረው። በወር ሁለት መቶ ሊትር የሚሸከምልኝን ልጅ ያገኘሁት በዚያ ጊዜ ነው፤ በፊት ራሴ ነበርኩ የምሸከመው፣ ወገቤን «ደህና ነው» እያልኩ።

ልጃችን በየቀኑ ትደውላለች። «አባዬ፣ ከኅዳር እስከ ጥር እኛ ዘንድ ድሬ ኑ፤ ሌሊቱ እንኳ ይሞቃል» ትላለች። ሒሳቡን በደብተሩ ጀርባ ሠርቼዋለሁ፤ 700 ሜትር ዝቅ ማለት ወደ አምስት ዲግሪ ገደማ ሙቀት ነው፤ ለስኳሯም ለእኔም ግፊት አይጎዳም። ባለቤቴ የተወለደችበት ከተማ በመሆኑ ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ እሷ ግን «የሰው ቤት እንግዳ ሆኜ ከምሞቅ በቤቴ ብርድ ይሻለኛል» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ከዚያም ትንሽ ቆይታ፣ «ባቡሩን ያየሁት እዚያ ስለሆነ ይሆን?» ብላ ሳቀች፤ የዚያን ሌሊት ነገር የምታስታውሰው ይህችን ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ኅዳር ገና አልወሰንንም።

በየካቲት መጨረሻ የስኳር ውጤቶቿን ለሐኪሟ ለማሳየት ደብተሩን ገጽ በገጽ አነበብኩት። ከታኅሣሥ 26 ገጽ ግርጌ፣ የእኔ ባልሆነ፣ ዘመም ባለ እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጽፎ አገኘሁ። «ሌሊት 9 ሰዓት። እሱ 11 ጊዜ ሳለ፤ ደረቱን በቀኝ ይዟል። ጠዋት ደህና አደርኩ ይለኛል።» መተንፈስ ያቃታት፣ በወንበር ላይ ያደረች ሴት፣ በጨለማ ውስጥ የእኔን ሳል ስትቆጥር አድራለች።

ደብተሩን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ስለ ደብተሩ ምንም ሳልናገር «ወገብህ እንዴት አደረ?» አለችኝ። አፌ ልማዱን ሊናገር ሲል ያዝኩትና፣ «አመመኝ፤ ሌሊት ሁለት ጊዜ ቀስቅሶኛል» አልኳት።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ጻፈው» አለች።